ባለቤቴ ተኝቶ ትንፋሹ ቀጥ ይላል፤ የእንቅልፍ ክኒን ልግዛለት ወይ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ባለቤቴ ሌሊት ኡበር ይነዳል፤ ንጋት ላይ ገብቶ ይተኛል። ማንኮራፋቱን ከተጋባን ጀምሮ ለምጄዋለሁ። አሁን ግን የማላውቀው ነገር መጣ። ሲያንኮራፋ ቆይቶ ድንገት ጭጭ ይላል። ደረቱ ሲታገል አየዋለሁ፤ አየር ግን አይገባም። እኔም ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። ከዚያ ውሃ ውስጥ ሰምጦ እንደወጣ ሰው አየር ስቦ ይገላበጥና መልሶ ያንኮራፋል።

ሲነሳ ምንም አያስታውስም። "ስምንት ሰዓት ተኝቼ ምነው አልጠገብኩም?" ነው የሚለው። ራሱን ያመዋል፣ አፉ ይደርቃል፣ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል። ባለፈው ደግሞ ቀይ መብራት ላይ እንቅልፍ ወስዶት ከኋላው ያለው መኪና ክላክስ ሲነፋበት እንደነቃ ራሱ ነገረኝ። ከዚያን ዕለት ወዲህ መኪና ይዞ ሲወጣ እኔ ቤት ውስጥ ሰላም የለኝም።

አንዲት ወዳጃችን "እንቅልፉ ጥልቅ ስላልሆነ ነው፤ ፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚሸጠውን የእንቅልፍ ክኒን ስጪው" አለችኝ። ልግዛለት ወይ?

የፒያሳ ልጅ

አይዞሽ እህቴ። እንጥሉ ወርዶ ይሆናል። አያቴ እንዲህ የሚያንኮራፋ ሰው ሲያዩ "እንጥሉን ይቆረጥ" ነበር የሚሉት። አገር ቤት ስትመጡ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም።

የሌሊት ነርስ

የሲልቨር ስፕሪንጓ፣ ክኒኑን እንዳትገዢለት።

የፒያሳ ልጅ፣ በቅንነት እንደጻፍከው አውቃለሁ። ግን ይህ ምክር ሰው ስለሚጎዳ ዝም ብዬ አላልፈውም። በባህላዊ መንገድ እንጥል መቁረጥ ደም አፍስሶ አልቆም ይላል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ምላጩም ከአንዱ ወደ ሌላው በሽታ ያስተላልፋል። አገር ቤት ድንገተኛ ክፍል ስሠራ በዚህ ምክንያት ታቅፈው የመጡ ሕፃናት አይቻለሁ። ትንፋሽ የሚዘጋው ደግሞ በእንጥል ብቻ አይደለም።

እህቴ፣ የነገርሽንን ሁሉ ስደምረው በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቋረጥ ይመስለኛል። ሐኪሞች ስሊፕ አፕኒያ ይሉታል። ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል። በአንዳንድ ሰው ላይ ምላስና ለስላሳው ላንቃ ወደ ኋላ ይሸሹና የአየሩን መንገድ ጨርሰው ይዘጉታል። ደረቱ የሚታገለው ለዚህ ነው። በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፤ አንጎል ይህን ሲያውቅ ለቅጽበት ይቀሰቅሰዋል። ጉሮሮው ይከፈታል፤ መልሶ ይተኛል። መልሶ ይዘጋል።

10 ሰከንድና ከዚያ በላይ የቆመ ወይም በጣም የደከመ ትንፋሽ ሁሉ ይቆጠራል። በሰዓት ከ5 እስከ 15 ጊዜ ከሆነ ቀላል፣ እስከ 30 ከሆነ መካከለኛ፣ ከ30 ካለፈ ከባድ ነው። በሰዓት 30 ጊዜ ማለት በየሁለት ደቂቃው መቀስቀስ ማለት ነው እኮ። ባለቤትሽ ስምንት ሰዓት አልጋ ላይ ነበር እንጂ ስምንት ሰዓት አልተኛም።

ብዙዎቹ የእንቅልፍ መድኃኒቶች ጉሮሮውን ይበልጥ ያላላሉ፤ አንጎልም ቶሎ እንዳይቀሰቅሰው ያደርጋሉ። አረቄውም ዊስኪውም ያው ነው። ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ክኒን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአለርጂ መድኃኒት ነው። ድብታው ከእንቅልፍ በኋላም ስለሚቆይ መሪ ለሚጨብጥ ሰው አይሆንም።

አሁን አንድ ነገር አድርጊ። ሲተኛ በስልክሽ ቅረጪው። ጭጭ የሚልበትና አየር የሚስብበት ይግባበት። ይህን ለሐኪሙ አሳዩትና የእንቅልፍ ምርመራ ይጠይቅ። ለብዙ ሰው ቤት ወስዶ የሚያስረው ትንሽ መሣሪያ ይበቃል። አፍንጫ ሥር አየሩን ይለካል፣ ጣት ላይ ኦክስጅኑን፣ ደረት ላይ እንቅስቃሴውን። ቀን የሚተኛ ሰው መሆኑን አስቀድሞ ይንገራቸው፤ ምርመራው እሱ በሚተኛበት ሰዓት መሆን አለበት። የደም ግፊቱንም ይለካ። በመድኃኒት አልወርድ ያለ ግፊት ብዙ ጊዜ ከጀርባው ይህ አለ።

እስከዚያው በጀርባው ሳይሆን በጎኑ ይተኛ። እንቅልፍ የተጫነው ቀን አይንዳ። መንገድ ላይ ከመጣበት መስታወት መክፈትና ሙዚቃ መጨመር አያድነውም። ዳር ይዞ ያቁምና 20 ደቂቃ ይተኛ። የአንድ ሌሊት ገቢ ይቅር።

ማስክ ለባሹ (አሌክሳንድሪያ)

ባለቤትሽ ያለበትን አውቀዋለሁ፤ እኔም ሹፌር ነኝ። ቀጭን ስለሆንኩ ማንም አልጠረጠረኝም። ወፍራም ሰው ላይ ብቻ የሚመጣ ይመስላቸዋል። የእኔ ችግር አገጬ ወደ ኋላ የገባ መሆኑ ነው፤ ለምላሴ ቦታ አይተውም።

የሰጡኝ ሲፓፕ የሚባለውን መሣሪያ ነው። በቱቦና በማስክ አየር እየገፋ ጉሮሮውን ክፍት አድርጎ ያሳድረዋል። ኦክስጅን የሚሰጥ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ የክፍሉ ተራ አየር ነው። ኮሊን ሱሊቫን የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም በ1981 ነው ያስተዋወቀው። ከዚያ በፊት ከባዱን ዓይነት የሚያክሙት አንገት ላይ ቀዳዳ በማውጣት ነበር።

መጀመሪያ ላይ ማስኩ ያስጨንቃል። የማውቃቸው ሰዎች መሣሪያውን ተቀብለው ቁም ሳጥን ውስጥ የከተቱት በዚህ ጊዜ ነው። እኔን የረዳኝ ቀን ቀን ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ ቴሌቪዥን እያየሁ መልበሴ ነው። ፊት ሲለምደው አልጋ ላይ አይከብድም። አፍንጫዬ ሲደርቅ የውሃ ማርጠቢያውን ከፍ አደረግሁ። አየሩ ወደ ዓይኔ ሲያፈተልክ ደውዬ የማስኩን ልክ አስቀየርኩ። አፉን ከፍቶ ለሚተኛ ሰው አፍና አፍንጫን አብሮ የሚሸፍን አለ። ግፊቱን ከትንሽ ጀምሮ ቀስ እያለ የሚጨምር ማስተካከያም አለው፤ ራምፕ ይሉታል፤ አስከፍቱት።

ኢንሹራንሱ ላይ ተጠንቀቁ። መሣሪያው በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደሠራ ራሱ ይልካል። ብዙዎቹ ኢንሹራንሶች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይህን ያያሉ። በአብዛኞቹ ቀናት ቢያንስ 4 ሰዓት ካልተጠቀመበት ክፍያውን ሊያቆሙ ይችላሉ። ስለዚህ አልመቸው ካለ ዝም ብሎ ከመተው ይደውልላቸው።

የሌሊት ነርስ

ማስክ ለባሹ፣ ተባረክ። እንዲህ ያለውን ነገር ከተጠቃሚ መስማት ይሻላል።

ትንሽ ልጨምር። ቀላልና መካከለኛ ለሆነው የጥርስ ሐኪም የሚሠራው፣ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት ጎትቶ የሚይዝ የአፍ መሣሪያ አለ። ክብደት ላለው ሰው መቀነስ ብዙ ይረዳል። በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቲርዜፓታይድ የሚባለውን መርፌ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ላለባቸው መካከለኛና ከባድ አፕኒያ ሕሙማን ፈቅዷል። ማስኩን ወዲያው ያስጥላል ማለት ግን አይደለም።

ልጅ ካንኮራፋ ደግሞ "ደክሞት ነው" ብላችሁ አትለፉት። በልጆች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ያበጠ ቶንሲልና ከአፍንጫ ጀርባ ያለው አዴኖይድ ነው የሚዘጋው። አልጋ ያረጥባል፣ ቀን ይቅበጠበጣል፣ ትምህርት አልገባ ይለዋል። በሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ብዙዎቹ ይሻላቸዋል።

ሂሳብ ሠራተኛዋ (አዲስ አበባ)

የእኔ ተቃራኒው ነው። አላንኮራፋም፤ ጭራሽ አልተኛም። ቶሎ ይመጣልኛል ብዬ ከምሽቱ 3 ሰዓት አልጋ ውስጥ እገባለሁ። 6 ሰዓት ይሆናል። 8 ሰዓት ይሆናል። ስንት እንደቀረኝ ለማወቅ ስልኬን አነሳለሁ። "አሁን ቢወስደኝ እንኳ አራት ሰዓት ነው የምተኛው" እያልኩ እቆጥራለሁ። ጎህ ሲቀድ ጭልጥ ያደርገኛል፤ ያኔ ደግሞ የሥራ ሰዓት ደርሷል። ቀኑን በቡና ነው የምገፋው። ወራት አለፈው። ባልደረቦቼ ዳያዚፓም የሚባለውን የሚያረጋጋና የሚያስተኛ ክኒን ጠቁመውኛል።

ሳይካትሪ ነርስ (ጎንደር)

በሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ እንዲህ የሚያደርግሽ ከሆነ፣ ሦስት ወር ካለፈውም፣ ይህ ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት ይባላል። መጀመሪያ የሚመከረው ሕክምና ክኒን አይደለም። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 ለአዋቂዎች ሁሉ ያስቀደመው ለእንቅልፍ ማጣት የሚሰጠውን የባህሪና የአስተሳሰብ ሕክምና ነው። በብዙ ሰው ላይ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። የሚሠራበትን ምክንያት ከተረዳሽው ግማሹን ራስሽ ትጀምሪዋለሽ።

አልጋሽ አሁን ለአንጎልሽ የጭንቀት ቦታ ሆኗል። ከ3 ሰዓት ጀምረሽ ስትገላበጪ፣ ስትቆጥሪ፣ ሰዓት ስታዪ አንጎል "እዚህ ሲኬድ መንቃት ነው" ብሎ ይማራል። ስለዚህ ቶሎ መግባትሽ ነገሩን እያባሰው ነው።

ለሁለት ሳምንት በየጠዋቱ ማታ በድምሩ ለስንት ሰዓት እንደተኛሽ በግምት ጻፊ። አማካዩ ስድስት ሰዓት ከመጣ፣ አልጋ ላይ የምትቆዪው ስድስት ሰዓት ብቻ ይሁን። ጠዋት 12 ሰዓት የምትነሺ ከሆነ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት አልጋውን አትንኪው። ቅዳሜና እሁድም በዚያው ሰዓት ተነሺ። ገብተሽ 20 ደቂቃ ያህል የሆነ ከመሰለሽ ተነስተሽ ሳሎን ሂጂ። መብራቱን አታድምቂ። ዓይንሽ ሲከደን ብቻ ተመለሺ። ሰዓቱን ግን አትዪ፤ ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር። ቀን ሸለብ አታድርጊ።

የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል፤ ይህን ሳልነግርሽ ባልፍ አታለልኩሽ ማለት ነው። ቀን ትደክሚያለሽ። ግን ያ ድካም ማታ ላይ ይጠራቀማል፤ እንቅልፉ ይጨመቃል። አልጋ ላይ ካለሽበት ሰዓት አብዛኛውን መተኛት ስትጀምሪ በየሳምንቱ 15 ደቂቃ ጨምሪ። ከአምስት ሰዓት በታች ግን በፍጹም አትውረጂ። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ባይፖላር የሚባለው ስሜትን ከልክ በላይ የሚያወጣና የሚያወርድ ሕመም ያለበት ወይም ሹፌር የሆነ ሰው ይህን ክፍል ያለ ባለሙያ ብቻውን አይሞክረው።

ቡናውን በተመለከተ፣ ቡና አትጠጪ አልልሽም። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከቀኑ 10 ሰዓት የጠጣሽው አቦል ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ደምሽ ውስጥ ነው። ቶናና በረካ ሲጨመርበት አስቢው። የጠዋቱን ጠጪ። ከሰዓት ቡና ሲፈላ ግን ቁጭ ብለሽ ተጫወቺ፤ ፈንዲሻውን ብዪ፤ ስኒውን እለፊው።

አንድ ነገር በግል ልጠይቅሽ። ከእንቅልፍ ማጣቱ ጋር የምግብ ፍላጎትሽ ከጠፋ፣ የምትወጂው ነገር ካስጠላሽ፣ መኖር ከከበደሽ፣ ይህ ድባቴ ሊሆን ይችላልና ለብቻሽ አትያዢው፤ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ጡረተኛው (አዳማ)

ልጆቼ፣ የጻፋችሁትን ሁሉ ልጄ አነበበችልኝ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ዳያዚፓም ሳልውጥ ተኝቼ አላውቅም። አሁን አሁን ሌሊት ለሽንት ስነሳ ያንገዳግደኛል። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ልጥለው ወስኛለሁ።

ሳይካትሪ ነርስ (ጎንደር)

አባቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። እባክዎን ዛሬ ማታ አይጣሉት። ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ዳያዚፓም በአንድ ጊዜ ሲቆም ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ይቃዣል፣ እንደሚጥል በሽታ እስከ መጣል የሚያደርስ አለ። ሐኪምዎ በሳምንታት፣ አንዳንዴ በወራት፣ መጠኑን ጥቂት በጥቂት ያወርድልዎታል። ማቆምዎ ግን ትክክል ነው። በእርስዎ ዕድሜ ይህ መድኃኒት ያደናግራል፣ ይጥላል፤ የዳሌ አጥንት ስብራት የሚያመጣውም ይህ ነው። እስከዚያው ሌሊት ኮሪደሩ ላይ መብራት ይደር፣ ምንጣፉም ይነሳ። በላዩ ላይ መጠጥ በፍጹም።

እርጉዟ (ነታንያ)

እኔን የሚያስቸግረኝ እግሬ ነው። ማታ ጋደም ስል ባቴ ውስጥ የሆነ ነገር ይርመሰመሳል፤ ካላንቀሳቀስኩት አያስቀምጠኝም። ተነስቼ ስራመድ ይተወኛል፤ ስተኛ ይመለሳል። አማቴ ብርድ ነው አሉኝ። ሰባተኛ ወሬ ነው።

የሌሊት ነርስ

ማርያም በሽልም ታውጣሽ። ይህ እረፍት የለሽ እግር የሚባለው ነው፤ በእርግዝና በተለይ በመጨረሻዎቹ ወራት ይበዛል። ከብረት ማነስ ጋር በጣም የተያያዘ ነው። ኩፓት ሆሊም (የጤና መድንሽ ክሊኒክ) ስትሄጂ ሄሞግሎቢን ብቻ አይበቃምና የተከማቸውን ብረት የሚያሳየውን ፌሪቲን አስለኪ። የደም ማነስ ሳይኖር የተከማቸው ብረት ብቻ ሊያንስ ይችላል። ብረት ካዘዙልሽ በሻይና በቡና አትውሰጂው፤ እንዳይገባ ያግዱታል። በብርቱካን ጭማቂ ውሰጂው። ያ ያለ ማዘዣ የሚሸጠው የእንቅልፍ ክኒን ይህንንም ያባብሰዋል። ለማስመለስ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድም እንደዚያው፤ እየወሰድሽ ከሆነ ንገሪያቸው። ከወለድሽ በኋላ በአብዛኛው ይጠፋል።

የጅማ ተማሪ

እኔ ላይ ዱካክ ይመጣል። ዓይኔ ተከፍቷል፣ ክፍሌን አያለሁ፣ ግን ጣቴን እንኳ ማንቀሳቀስ አልችልም። ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ቁጭ ብሎ ያፍነኛል። ለፈተና ስናጠና ጫት ቅመን እናድራለን፤ ከዚያ ስንተኛ ይብሳል። ይህ የእንቅልፍ በሽታ ነው ወይስ የመንፈስ?

ሳይካትሪ ነርስ (ጎንደር)

ወንድሜ፣ የምታየው ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ነው። ሕልም ስናይ ሕልሙን በአካል እንዳንፈጽመው አንጎል ጡንቻዎቻችንን ያስራል። ትንፋሽና የዓይን እንቅስቃሴ ብቻ ይቀራሉ። አንዳንዴ ግንዛቤህ ቀድሞ ይነቃል፣ እስሩ ሳይፈታ። ሕልሙም ገና አላለቀም። አፋኙ የሚታይህ ለዚህ ነው። በሰከንዶች ወይም በጥቂት ደቂቃዎች ይፈታል፤ አይገድልም። እንቅልፍ ያጣ፣ በጀርባው የሚተኛና የመኝታ ሰዓቱ የተዘበራረቀበት ሰው ላይ ይበዛል።

ጸሎትህን ጸልይ፣ ጸበልም ሂድ፤ ማንም አይከለክልህም። ጫቱን ግን ተው። ሲያቆሙትም ለጥቂት ጊዜ ቅዠቱ ይኖራልና አትደንግጥ። ቀን ላይ በድንገት እንቅልፍ የሚጥልህ ከሆነ፣ ወይም ስትስቅ ጉልበትህ የሚከዳህ ከሆነ ግን ናርኮሌፕሲ የሚባል ሌላ ሕመም ስላለ የነርቭ ሐኪም ይይህ።

የጅዳዋ

እኔ እንቅልፍ አላጣሁም፤ ሰዓት ነው ያጣሁት። ማዳም እንግዳ ሲኖራት እስከ ሌሊት እሠራለሁ፤ ልጆቹ ለትምህርት ሲነሱ እኔ ቀድሜ ነው የምነሳው። ቁሜ እተኛለሁ። በሽታ ነው?

የሌሊት ነርስ

የእኔ እህት፣ ይህ በሽታ አይደለም፤ በደል ነው። ክኒንም አያድነውም። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ አንድ ሰዓትም ብትሆን ሳትቆጥቢ ተኚ፤ ያቺ አንድ ሰዓት ስልክ ላይ አትለቅ። በቂ እረፍት ያንቺ መብት ነው። ኮንትራትሽ ላይ ስለ እረፍት የተጻፈውን ፎቶ አንስተሽ ያዢ፤ ለአስመጪው ኤጀንሲና ለቆንስላው ስትናገሪ ወረቀት ይዞ መናገር ይለያል። ጋዝና ፍል ውሃ ስትይዢ ደግሞ በጣም ተጠንቀቂ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ

ተመለስኩ። ምርመራው ቤት ውስጥ ተደረገ፤ በሰዓት 38 ጊዜ ወጣ። መሣሪያው ደርሶታል። መጀመሪያ ላይ አውልቆ ሊጥለው ደርሶ ነበር፤ ማስክ ለባሹ እንዳልከው ሶፋ ላይ አለማመድኩት። የጠዋት ራስ ምታቱ ቀርቷል። ክኒኑን አልገዛሁም።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለኝ። እናቱን ሊጠይቅ አዲስ አበባ ሊሄድ ነው። መብራት እየጠፋ መሣሪያው እንዴት ይሆናል? ትራንስፎርመር ልግዛ?

ማስክ ለባሹ (አሌክሳንድሪያ)

እሰይ! በጣም ደስ ይላል። ትራንስፎርመር አትግዢ። የቻርጀሩን ጀርባ አንብቢ፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት ካለ የአገራችንን 220 ይቀበላል፤ የሶኬት አስማሚ ብቻ ይበቃዋል። ሻንጣ ውስጥ አትላኩት፤ በእጁ ይያዘው። የሕክምና መሣሪያ ስለሆነ አየር መንገዶች በአብዛኛው እንደ ተጨማሪ ዕቃ አይቆጥሩትም፤ የሐኪም ደብዳቤ ግን ይዞ ይሂድ።

ለመብራቱ ለሲፓፕ የተሠራ ባትሪ አለ። አውሮፕላን ላይ ስለሚፈቀደው መጠን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ማርጠቢያውን ካጠፋ ባትሪው በጣም ይቆያል። ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ካላገኘም ያለ ውሃ መጠቀም ይችላል።

አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት። አዲሶቹ መሣሪያዎች ለከፍታው ራሳቸው ይስተካከላሉ፤ የቆዩት ግን በእጅ ነው። የእሱ እስከ ስንት ሜትር እንደሚሠራ መመሪያው ላይ ስላለ የመሣሪያውን ሞዴል እዚህ ጻፊልኝና አብረን እንየው።